እንደ ሰሊጥ ነዶ የደረቀው ማጣሪያ

ከላም እበት ሻይ የመሰለ ጥርት ያለ ውሃ እንደሚወጣ ያመንኩት በመዳፌ ተቀብዬ ካየሁት በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ግማሽ ልቤ ሕልም ነው ይለኝ ነበር። በበጋ፣ መተማ ቆላ ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ የሚሆን ነገር ሁሉ ሕልም ይመስላል። መሬቱ ይተነፍሳል። ሩቅ ያለው ዛፍ ከሥሩ ተነቅሎ አየር ላይ ይንሳፈፋል። በመንገዱ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሁለት ሆኖ ይታይና ሲቀርብ አንድ ይሆናል።

ቦታው ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ወደ ጓንግ በምትወርድ ትንሽ ጅረት ዳር ያለ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ነበር። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ እህቴን ተከትዬ ከሳንጃ የወረድኩ፣ ትምህርቴን ያቋረጥኩ፣ ግጥም ነው ብዬ የማስበውን ነገር በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ የምጭር ወጣት ነበርኩ። አንድ ቦታ ተቀምጦ መዋል አይሆንልኝም፤ የሰጡኝ ሥራ ግን ተቀምጦ መዋል ነበር። የውሃ ሞተር ጠባቂ ነበርኩ። ሞተር መጠበቅ ማለት ድምፁን መስማት ነው። ድምፁ እስካልተለወጠ ድረስ ሐሳቤ የትም ቢሄድ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

እህቴ የካምፑ ምግብ አብሳይ ነበረች። አጨዳ ሲደርስ ከጎጃምና ከወሎ፣ ከራሱ ከጎንደር ደጋም የሚወርደው ሠራተኛ ሁሉ ከእሷ እጅ ይበላል። ኅዳር አልፎ ሰሊጡ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ግን ሰዎቹም አብረው ይሄዳሉ፤ ካምፑ ባዶ ድስትና የውሻ ጩኸት ብቻ ይሆናል። በየዓመቱ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ድስት እየፈተገች እንዲህ አለችኝ፦

«ካምፕ ሰው ይበላበታል እንጂ አይኖርበትም። እኔ ስመለስ ቆሞ የሚጠብቀኝ ነገር እፈልጋለሁ።»

ቆሞ የሚጠብቃት ነገር ብላ ያሰበችው ዛፍ ነበር። ከጅረቱ ዳር፣ ማንም የማያርሳት አንዲት ጭንጫ ቁራሽ መሬት ነበረች። ባለ እርሻው ቤታቸው ጎንደር ከተማ ነው፤ ሲታረስ፣ ሲታጨድና ሲጫን ብቻ ነበር የሚመጡት። ጭነቱ ያለቀ ዕለት ከመኪናቸው ሳይወርዱ እህቴ መስኮቱን ይዛ ቆመች።

«ጋሼ፣ ያቺን የጅረቱን ዳር ለእኔ ይተዉልኝ። ማንጎና ሎሚ ልትከልባት።»

«ጭንጫ ላይ ማንጎ? ደግሞስ በጋውን ምን ልታጠጪው ነው፣ ላብሽን?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ግን መሬት ሥራ ፈቶ ሲያዩ እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዛቸዋል። ትንሽ አሰቡና መሪውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«እስከ ግንቦት ሰጥቼሻለሁ። ትራክተሩ ሲመጣ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ካገኘሁት ያንቺ ነው፤ ለዘለዓለሙ አልነካውም። ደርቆ ካገኘሁት እገለብጠውና ሰሊጥ እዘራበታለሁ። ያኔ እንዳትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም። ግን አይገለብጡትም።»

እንግዲህ ያ በጋ ለእህቴ የዚያች መሬት በጋ ሆነ። ከችግኝ ጣቢያ ማንጎና ሎሚ አምጥታ በረዣዥም መስመሮች ተከለች፤ በመካከላቸው ቃሪያና ሽንኩርት አደረገች። ከጥር በኋላ ግን ጅረቷ እየሰለለች ሄደች። በሞተር ብንስብ ለግማሽ ቀን እንኳ አትበቃም። ጭንጫው ደግሞ የሰጡትን ውሃ ይውጣል፤ ምንም አይመልስም። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ።

ከካምፑ ጀርባ የከብት በረት ነበር። ባለ እርሻው ከሱዳን ወሰን የገዟቸውን ሩታና የሚባሉ ላሞች ያረቡበታል። የላሞቹ እበት ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ወደ ባዮጋዝ ጉድጓድ ይገባል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ የእህቴን ምድጃ በሰማያዊ ነበልባል ያነድዳል። ጋዙን ከሰጠ በኋላ በሌላው በኩል የሚወጣው ጥቁር ዝቃጭ ግን ሜዳ ላይ ተኝቶ ይውላል። እህቴ ያንን ዝቃጭ በባልዲ እየቀዳች ችግኞቹ ሥር አፈሰሰች። ፀሐይ መታውና እንደ ድስት ቅርፊት ጠጠረ፤ በላዩ ያፈሰስነው ውሃ እየተንከባለለ ወደ ጎን ሄደ። ባለ እርሻው ድሮ ገዝተው የተዉት ባለ ቀዳዳ የመስኖ ጎማ ነበር፤ ውሃ በጠብታ የሚሰጥ። ዝቃጩን በውሃ አቅጥነን በእሱ ብንለቀው፣ ገና ፀሐይ ሳይከር ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፈኑ።

ኢንጂነሩ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ጎንደር ኮሌጅ የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ገና ወጣት የሆነ ሰው ነበር፤ ባለ እርሻው በዝምድና በሚያውቁት ሰው በኩል ለሙከራ የላኩት። ራሱ «አንቱ አትበሉኝ» ስላለን አንተ እንለው ነበር። ይዞት የመጣው ዕቃ በውሃ በተሞላ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ነበር። ክዳኑን ሲከፍት ሁላችንም አጎነበስን። አራት ነጫጭ ነገሮች ተንሳፍፈው ነበር፤ እያንዳንዱ ከላዩ የታሰረ፣ ከሥሩ የተበተነ፣ እጅግ የቀጠኑ ክሮች ነዶ።

የካምፑ ዘበኛ፣ አያ የምንላቸው፣ ከጎጃም ለአረም መጥተው በዚያው የቀሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቀና ብለው ኢንጂነሩን አዩት።

«ይህንን ሁሉ መንገድ ያመጣኸው የዝንብ ጭራ ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጭራ ሆኖ ቀረ። ኢንጂነሩ ራሱ ሌላ ስም ነበረው፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን እሱም «ጭራውን አንሳልኝ» ይለኝ ጀመር።

አሠራሩን ያስረዳን በካምፑ ዚር ነው። ዚር ከሱዳን በኩል የሚመጣ ትልቅ የውሃ እንስራ ነው፤ ገላው ያልባል፣ ከሥሩም ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ከተሞላበት ውሃ ይልቅ የጠራ ነው።

«ክሮቹ ውስጣቸው ባዶ ነው፣ እንደ ገለባ። ግድግዳቸው ደግሞ እንደ ዚር ገላ ቀዳዳ አለው፤ ግን ዓይን የማያየው። ዝቃጩ ውስጥ እናጠልቃቸዋለን፤ ይቺ ያመጣኋት ትንሽ ሞተር ከላይ ትስባለች። ጭቃው ውጭ ይቀራል፣ ውሃው በክሩ ውስጥ ይወጣል።»

እህቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ጠየቀችው፦ «ውሃውማ ውሃ ነው። የፍጉ ጥቅም ግን ከጭቃው ጋር ይቀር የለም?»

«ጨው ወጥ ውስጥ ሲሟሟ ታዪዋለሽ?»

«አላየውም። እቀምሰዋለሁ።»

«እንደዚያ ነው። ላሚቱ ከሣር ያገኘችው ብዙው ነገር እንደ ጨው ሟሙቶ ውሃው ውስጥ አለ፤ ከውሃው ጋር ያልፋል። የቀረው ከጭቃው ጋር ይቀራል፤ እሱን ደግሞ ዛፉ ሥር ቆፍረሽ ትቀብሪዋለሽ።»

«ታዲያ የሚጣለው ምኑ ነው?»

«ምንም።»

እህቴ ይህቺን «ምንም» ወደደቻት። ያን ቀን ስታበስል ለራሷ ስትደግማት ሰማሁ። ሕይወቷን በሙሉ የሰው ትራፊ ስትጥል የኖረች ሴት ናት።

ዝቃጩን መጀመሪያ በርሜል ውስጥ አስቀምጠን እናዘቅጠዋለን፤ ከዚያ በጆንያ፣ ከዚያ ደግሞ እህቴ ከቀደደችው የሱዳን ነጠላ በተሠራ ጨርቅ እናጠልለዋለን። በመጨረሻ ጭራዎቹ ወደ ተንጠለጠሉበት በርሜል ይገባል። ትንሿን ሞተር ሳስነሳት መጀመሪያ አየር ተነፈሰች፤ ቀጥሎ አሳለች፤ ቀጥሎ ዝም አለች። በቀጭኗ ቱቦ ጫፍ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች። ፀሐይ ገባችባት። ወደቀች፤ ሌላ መጣች፤ ከዚያ ክር ሆኖ ወረደ። በመዳፌ ተቀበልኩት። ቀለሙ ቀጭን ሻይ ነው። ሽታው ግን ዓይን ያቃጥላል፤ የበረት ሽንት ነው።

«ቀለሙ የከርከዴ ሻይ መስሎ ሽታው ግን ጠላት ነው» አሉ አያ፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው።

ኢንጂነሩ እንዲሁ ቢሰጥ ተክሉን ያቃጥላል ስላለን ከጅረቱ ውሃ ጋር እየቀላቀልን ለቀቅነው። ጎማው አልተደፈነም። ጠብታው ከመስመሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል መታ። ከሰዓት በኋላ፣ ንፋስ ሲቆም፣ የጠብታው ድምፅ በጠቅላላው መሬት ላይ ይሰማ ነበር፤ ዝናብ ሳይዘንብ የዝናብ ማባሪያ የሆነ ያህል። ሞተሯ ሥር እንቅልፍ እየወሰደኝ፣ ላሞቹ የበሉት ሣር ተመልሶ ሣር ሊሆን በጎማ ውስጥ እየሮጠ ሲያልፍ አየው ነበር። ተኝቼ ይሁን ነቅቼ አላውቅም። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ቅጠሉ ጠቆረ፤ ማንጎው ጫፉ ላይ ቀይ ለጋ አወጣ። እህቴ ማታ ማታ እስከ መጨረሻው መስመር ሄዳ እዚያ ያለችውን አንዲት ሎሚ ነካ አድርጋ ትመለሳለች። መጨረሻዋ ዛፍ ሎሚዋ ነበረች።

መጋቢት ላይ ትንሿ ሞተር ተበላሸች። መለዋወጫዋ ገንዳ ውሃ ስላልተገኘ ኢንጂነሩ ሊያመጣ ጎንደር ሄደ። አውቶቡስ ሊሳፈር መንገድ ላይ ቆሞ፣ አቧራ እየበላ፣ ለእህቴ እንዲህ አላት፦

«ጭራዎቹን ከዝቃጩ አውጥተሽ በደንብ እጠቢያቸው። ንጹሕ አድርገሽ አስቀምጪልኝ።»

በዚህ አገር አንድን ነገር ማስቀመጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አለብኝ። ሰሊጥ ሲታጨድ በነዶ ይታሰራል። ነዶዎቹ ጭንቅላታቸው ተደጋግፎ፣ እግራቸው ተራርቆ፣ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ፤ ሂላ ይሉታል። በሂላ የቆመ ሰሊጥ እየደረቀ ይሄድና ፍሬው የተቋጠረበት ከረጢት ከላይ አፉን ይከፍታል። ያን ጊዜ ገልብጠው ሲመቱት ይረግፋል። ያልደረቀ ሰሊጥ ይሻግታል፣ ያልደረቀ ማሽላ ይነቅዛል፣ ያልደረቀ ጆንያ ይበሰብሳል። ቆላ ላይ እርጥብ ነገር የሚያስቀምጥ ሰነፍ ሰው ብቻ ነው።

እህቴ ደግሞ ሰነፍ አይደለችም። አራቱን ጭራ ጅረቱ ድረስ ወስዳ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር እየፈታች አጠበቻቸው። ከዚያ ንጹሕ ጆንያ አንጥፋ፣ ጭንቅላታቸውን አደጋግፋ፣ እግራቸውን አራርቃ አቆመቻቸው። ከሩቅ ላያቸው ሰው ነጭ ሰሊጥ የታጨደ ይመስላል። ውብ ነበሩ። ንፋሱ ሲያወዛውዛቸው ቁጭ ብዬ አየኋቸው፤ ካርቶን ላይ አንድ ስንኝም ጻፍኩላቸው። አያ ሲያልፉ «እሰይ፣ ጭራውም አጨዳ ደረሰለት» አሉ። እህቴ በየቀኑ ታዞራቸዋለች። አንድ ቀን አንዱን ጆሮዋ ጋ አድርጋ ነቀነቀችው። እንደ ደረሰ ሰሊጥ ተንኮሻኮሸ። ደስ አላት። ጠቅልላ ከዱቄቱ ጆንያ በላይ፣ አይጥ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጠቻቸው።

ኢንጂነሩ ተመለሰ። ሞተሯን ጠገነ፤ እህቴ ጭራዎቹን ከነጥቅላቸው በሁለት እጇ አምጥታ ሰጠችው። ጥቅሉን ሲፈታ እጁ መሃል ላይ ቆመ። በርሜሉ ውስጥ ሰቀላቸው፤ «አስነሳት» አለኝ። አስነሳኋት። ሞተሯ እንደ ተያዘች ጥንዚዛ ጮኸች። ከቱቦው ምንም አልወጣም። ድምፅ መስማት ሥራዬ ነውና፣ ይህ ድምፅ የባዶነት ድምፅ እንደሆነ ገባኝ። አጠፋኋት።

«ማን ነው ያደረቃቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች እህቴ። «ምነው፣ አልደረቁም?»

ኢንጂነሩ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«እህቴ፣ ሰሊጥ ሲደርቅ ይከፈታል። ይሄ ሲደርቅ ይዘጋል። በክሩ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ሁልጊዜ ውሃ ካልሞላው አየር ይገባበታል፤ ከዚያ ውሃን እሺ ብሎ አያሳልፍም። አመጣጡን አይተሻል፣ በውሃ ውስጥ ነበር ያመጣሁት። የምታውቂ መስሎኝ አልነገርኩሽም።»

«እኔ ደግሞ ለመንገድ መስሎኝ» አለች። «እንዳይሰበር።»

ሌላ እንዳለው ጠየቀችው። የለም። ከየት ይመጣል? ከውጭ አገር፤ ከክረምት በፊት አይደርስም። ከክረምት በፊት ደግሞ ግንቦት አለ። እህቴ ወደ መሬቷ ዞር ብላ አየች፤ ሞተሯ በቆመችባቸው ቀናት ብቻ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ጠውልገው ነበር። ከዚያ ወደ ድስቷ ተመለሰች፤ ማማሰል ስለነበረባት ብቻ አማሰለች። ወጡ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች፤ የበላነው ሁሉ አወቅን፤ ድስቱን ግን ጨረስነው።

በማግስቱ ጠዋት ኢንጂነሩ ከዳሱ ሥር ወጥቶ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እዚህ አካባቢ በጣም ጠንካራ አረቄ የት ይገኛል?»

አያ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ቀረብ አሉት።

«ልጄ፣ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የምትሆነው? ጭራ እኮ ነው። ሰው አልሞተ። እናት አባትህ አስተምረውህ፣ በጠዋት…»

«ለእኔ አይደለም አያ። ለጭራው ነው።»

«ይባስ!»

እየሳቀ አስረዳን። ውሃን እንቢ ያለው ቀዳዳ አልኮልን እንቢ አይልም። አልኮሉ ሰተት ብሎ ይገባል፤ አየሩን ያስወጣል። ከዚያ ሳይደርቅ ወዲያው ውሃ ከተተካበት፣ ውሃው አልኮሉን ተከትሎ ይገባል። ላይሠራም ይችላል አለ። ክሊኒክ ያለው አልኮል በትንሽ ጠርሙስ ነው፤ ጭራ አያጠልቅም።

ገንዳ ውሃ ሄድን፣ ሦስታችን፣ በባጃጅ። አረቄ አውጪዋ ከገበያው ጀርባ፣ በጭቃና በጭድ በተለሰነ ጠባብ ቤት ውስጥ ነበረች። እህቴ ደንበኛዋ ባትሆንም፣ ሴትዮዋ የእህቴ አገር ሳንጃ መሆኑን ስትሰማ ወንበር አቀረበችላት።

«ዳግም ነው የምንፈልገው» አላት ኢንጂነሩ። «ሁለት ጊዜ የወጣ። ውሃ ያልነካው።»

«የእኔን አረቄ ውሃ ነካው የሚል ሰው አልተፈጠረም» አለችና የጀሪካን ክዳን ላይ ትንሽ አፍስሳ ክብሪት ጫረች። ጨለምለም ባለው ቤት ውስጥ ሰማያዊ ነበልባል ክዳኑ ላይ ተኛ፤ ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም። የእህቴ ምድጃ ነበልባል ራሱ ነበር። ሦስታችንም ሳንተነፍስ አየነው። ነዶ ነዶ ሲጠፋ ክዳኑ ላይ እርጥበት እንኳ እምብዛም አልቀረም። ኢንጂነሩ ራሱን ነቀነቀ።

«ለምን ድግስ ነው?» አለች አውጪዋ ጀሪካኑን እየሞላች።

«ማንጎ ልናጠጣ ነው» አለች እህቴ። በዚያ ሰሞን የቀለደችው ይህን ብቻ ነው።

አረቄው ንጹሕ በርሜል ውስጥ ሲፈስ ካምፑ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሠራተኞች ተሰብስበው ቆሙ። አንዱ የወሎ ልጅ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። ጠረኑ በሙቀቱ ተነስቶ በረቱ ድረስ ሄደ፤ አንዲት ላም አንገቷን አውጥታ ተመለከተች። አያ በርሜሉን እየዞሩ አጉረመረሙ፦

«ለጭራ አረቄ፣ ለዘበኛ ውሃ! ምን ዓይነት ዘመን ላይ ደረስን!»

እህቴ ጭራዎቹን ራሷ ነከረቻቸው። ከእያንዳንዱ ክር እንደ ዓሣ ዕንቁላል ደቃቅ አረፋ እየተነሳ ወደ ላይ ወጣ። «አየሩ ነው» አለ ኢንጂነሩ በሹክሹክታ፤ ለምን በሹክሹክታ እንደተናገረ አላውቅም፤ እኛም በሹክሹክታ ነበር የምንነጋገረው። አረፋው ሲያቆም በፍጥነት ወደ ውሃው አዛወርናቸው። እየሮጥን፣ ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው፣ አረቄው ክንዳችን ላይ እየቀዘቀዘ።

ሞተሯን አስነሳሁ። ጮኸች። ጮኸች። ከዚያ ድምፁ ወፈረ። እጄ ሳያስበው ወደ ቱቦው ሄደ። መጀመሪያ የመጣው አረቄ አረቄ የሚሸት ውሃ ነበር፤ ቀጥሎ ያው ሻይ።

ሁሉም አልተመለሱም። ሁለቱ ጭራዎች እንደ ድሮው ሠሩ። አንዱ በጭንቅ ይንጠባጠባል። አንዱ ደግሞ ሲደርቅ ክሮቹ ስለተሰበሩ ጭቃውን እንዳለ አሳለፈው፤ ኢንጂነሩ ቧንቧውን ዘግቶ ከሥራ አስወጣው። በጠቅላላው የድሮው ውሃ ግማሽ ያህል ቀረን። ግማሽ ውሃ ለሙሉ መሬት አይበቃም።

«ከፊት ያለውን ግማሽ እናድን» አልኳት።

«መጨረሻው መስመር ነው የተባልኩት።»

«እንግዲያው የኋላውን።»

መስመሮቹ መካከል ገብታ ቃሪያውን በእጇ መንቀል ጀመረች። አብቦ ነበር። ነጭ ነጭ አበባው መሬት ላይ ሲወድቅ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች ትነቅላለች። ሽንኩርቱንም እንዲሁ። ከዚያ የሰሊጥ አገዳ ሰብስባ አመጣች፤ በቢላ እንደ ጥርስ መፋቂያ ጠረብናቸው፤ ዛፍ የሌለበትን የጎማ ቀዳዳ ሁሉ በአገዳው ደፈንን። ጠብታው የሚወድቀው ማንጎና ሎሚ ሥር ብቻ ሆነ። ጭራው ውጭ ያስቀረውን ጭቃ ደግሞ በየዛፉ ሥር ቆፍረን ቀበርነው፤ በላዩም አፈርና የነቀለችውን ቃሪያ አለበስነው። መሬቱ ባዶ ሆነ። ከሩቅ ሲታይ እዚህም እዚያም የቆሙ አረንጓዴ ነጥቦች ብቻ ነበሩ፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ነበሩ።

ሚያዝያ እንዲህ አለፈ። ሙቀቱ ሲበረታ ቀኑ ሁሉ አንድ ረዥም ከሰዓት በኋላ ሆነ። ሞተሯ ታዜማለች፤ እኔ አልጽፍም፤ ዝም ብዬ ድምፁን እሰማለሁ። ካርቶኖቼን አያ ለእሳት ማያያዣ ወሰዷቸው፤ አልተቀየምኩም። ኢንጂነሩና እህቴ ማታ ማታ ጭራዎቹን ያጥባሉ። ታጥበው ሲያልቁ ውሃ ወደ ሞላው በርሜል ሲመለሱ እህቴ ክዳኑን ሁለት ጊዜ ትነካዋለች፤ የተኛ ልጅ ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ ሰው።

በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ትራክተሩ መጣ። ባለ እርሻው ከፊቱ በእግራቸው ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጫማቸው ላይ ጭቃ ይዘው። እህቴ ከማድ ቤት ወጥታ፣ ዱቄት የነካ እጇን ሳትጠርግ፣ ተከተለቻቸው። ሰውየው በመስመሮቹ መሃል ሄዱ፣ ሄዱ፤ መጨረሻዋ ሎሚ ጋ ደርሰው ቆሙ። ዝቅ ብለው ቅጠሏን በጣታቸው አሹ፤ አሸተቱት።

«ይሄ ምንድን ነው? አትክልት ስጠብቅ ክር ሆኖ አገኘሁት እኮ።»

«ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው መስመር አረንጓዴ ከሆነ ነው ያሉኝ። ስፋቱን አልነገሩኝም።»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ቆመ፤ ዓይናቸው ባዶው መሬት ላይ ነበር።

«መሃሉ ሥራ ፈቷል።»

«ይዘሩበታ። በእጅ ነው ግን። የትራክተሩ ማረሻ ዲስክ ከገባ ጎማዬን ይቆርጥብኛል።»

«እኔ? በእጄ?»

«እኔ እዘራልዎታለሁ። ሰሊጡ የእርስዎ፣ ዛፉ የእኔ።»

ትራክተሩ ጫፍ ላይ ቆሞ እየተርገፈገፈ ነበር። ሹፌሩ ትእዛዝ ይጠብቃል። ባለ እርሻው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ላባቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ባርኔጣውን ወደ ሹፌሩ አንስተው አየር ላይ ሰፊ ግማሽ ክብ ሳሉ። ትራክተሩ ዲስኩን አወረደና ከአጥሩ ሥር መታጠፍ ጀመረ። ጥቁሩ አፈር እየተገለበጠ መሬቷን ዞሯት ሄደ።

ኢንጂነሩ ጭራዎቹን ይዞ በዚያ ሳምንት ተመለሰ። በርሜሉን በውሃ ሞልተን አውቶቡሱ ጣራ ላይ ጫንነው፤ እህቴ «እንዳይደርቅ!» እያለች ከታች ትጮኻለች፤ ረዳቱ «ዓሣ ነው እንዴ?» እያለ ያስራል። አውቶቡሱ ሲነሳ ከጣራው ሻይ የመሰለ ውሃ በመስኮቶቹ ላይ ወረደ፤ ተሳፋሪው ሁሉ እየጮኸ መስታወት ዘጋ።

እኔ ያን ዓመት ካምፑን ለቅቄ ሄድኩ፤ አንድ ቦታ መዋል አይሆንልኝም ብዬ የለ። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ግን በግራ መስኮት እቀመጣለሁ። የሰሊጡ ትልም ከሩቅ ቀጥ ብሎ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ውስጥ ማንጎዎቹ ተጠጋግተው ጥቁር ጥላ ሆነዋል። ወርጄ ስሄድ ጥላው ሥር እህቴን አገኛታለሁ። ልብስም ሆነ ጆንያ አጥባ ፀሐይ ላይ ልታሰጣ እጇን ካነሳች በኋላ፣ ለአንድ አፍታ ቆም ብላ ታስባለች።